መልአኩ አንድ ናቸው ያላቸው

ጭምቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈሪ ነበረች። በር ሲንኳኳ ሌላው ሰው «ማነው?» ይላል፤ እሷ ግን በሆዷ «ምን አጠፋሁ?» ትል ነበር። ጨለማ አትፈራም፣ ውሻ አትፈራም፤ የምትፈራው ስሟ መጠራቱን ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን የሒሳብ የቤት ሥራዋን ሳትሠራ ሄደችና ከጎኗ ከምትቀመጠው ልጅ ወረቀት ላይ ጥድፍ ጥድፍ ብላ ኮረጀች። ስትኮርጅ ታዲያ መልሱን ብቻ መቼ ሆነና፣ ከላይ የተጻፈውን የልጅቷን ስም ጭምር ገልብጣ አስረከበች። መምህሩ ሁለቱን ወረቀት ግራና ቀኝ አንጠልጥለው «እዩልኝ፣ ዛሬ አንዷ ተማሪ ሁለት ሆና መጥታለች!» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ ቀነሰ። ትምህርቷን ግን በርትታ ያዘች፤ ፈሪ ሰው ብዙ ጊዜ ጥሩ ተማሪ ነው።

አባቷ ቶሎ ሞቱ። ወንድም የላት፣ ባል አላገባች፤ ከእናቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ሲኖሩ ኖሩ። የመኝታ ቤቱ መስኮት የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው፤ የሳሎኑ የአውቶቡስ ማቆሚያውን። እናትየዋ ማታ ማታ እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጣ ልጇ ከአውቶቡስ ስትወርድ አካሄዷን ታነብ ነበር። ትከሻዋ ከወደቀ «ዛሬ ደግሞ ልጄን ማን ተቆጣብኝ» ትላለች ለራሷ፤ ቀና ካለች ሻይ ትጥዳለች።

ጭምቷ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ለሆስፒታሎች የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ፕሮግራም የሚሠራና የሚጠብቅ ነበር። ነርሷ የበሽተኛውን ክብደትና የመድኃኒቱን ዓይነት ትጽፋለች፤ ፕሮግራሙ በሰዓት ስንት ጠብታ እንደሚገባ ይነግራታል። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ፕሮግራም ሲባል አንድ ወጥ ነገር የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። ብዙ ሰው በብዙ ዓመት እየቀጠለ የሠራው ቤት በሉት። ክፍሉ ብዙ ነው፤ አንዳንዱን ማን እንደሠራው እንኳ የሚያውቅ የለም። ኮዱን፣ ማለትም የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ከፍተው ቢያዩት ደግሞ ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ቃል አለበት። ጻፊው ክብደቱን «ክብደት» ብሎ ይሰይመዋል፣ ከዚህ አይለፍ የሚባለውን መጠን «ጣሪያ» ይለዋል፣ ከጎኑም ለኋለኛው ሰው ማስታወሻ ይተዋል። ማሽኑ ለስሙ ደንታ የለውም። ክብደትን «ድንጋይ» ብትሉትም ያው ያሰላል። ስሙ ለሰው ነው።

ጭምቷ የሚለውን ስም ያወጣላት የሥራ ባልደረባዋ ተረበኛው ነበር። ጠረጴዛው ከሷ ጠረጴዛ ጋር ተገጣጥሞ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። አንድ ቀን ሳይቀልድ ከዋለ ሰዉ ሁሉ «አመመህ እንዴ?» ይለዋል። እሷ ዝም፣ እሱ ወሬ፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ ጨምሮ የሚሠራ ይመስል ነበር።

ከዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው። ሆስፒታሎቹ ቀናቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ጨቅላዎች ማቆያ ሊከፍቱ ሆነ፤ የጨቅላ መጠን የሚያሰላ ክፍል ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። የያኔው ኃላፊ ጭምቷን ጠርተው «ሦስት ቀን አለሽ» አሏት። እምቢ የማለት ነገር እሷ ዘንድ አልተፈጠረም። የአዋቂዎቹን ክፍል እንዳለ ኮፒ አደረገች፤ ከዚያም አራት መስመር ብቻ ለወጠች። የአዋቂው በኪሎ ነበር፣ በግራም አደረገችው። ጣሪያውን አወረደች። የጠብታውን ልክ አሳነሰች። ትርፍራፊ ቁጥር ሲመጣ ሁልጊዜ ወደ ታች እንዲሆን አደረገች። ስሌቱን በእርሳስ ሠርታ ሠርታ ጣቷ እስኪቆስል አረጋገጠችው። ትክክል ነበር። ስሞቹን ግን አልነካቻቸውም፤ ጊዜ አልበቃትም። «የአዋቂ ጣሪያ» የሚለው ስም በጨቅላው ጣሪያ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ማስታወሻዎቹም እንዳሉ ቀሩ፤ ስሌቱ ልክ መሆኑን የሚፈትነውን የመሞከሪያ ክፍልም እንደዚያው ገልብጣ ቁጥሩን ብቻ ቀየረች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት አንድ ክፍል ሲያልቅ ወረቀት ይፈረማል፤ «ይህን ክፍል ከመጀመሪያው እኔ ጽፌዋለሁ፤ ስሞቹንና ማስታወሻዎቹን ቃል በቃል አይቻለሁ» ይላል። ጭምቷ ፈረመች። አመሰገኗት። በዓመቱ ሹመት ሰጧት፤ ሌሎች የሚጽፉትን አይታ የምትፈርም ሆነች። «ስሞቹን በሚቀጥለው ወር አስተካክላቸዋለሁ» ትላለች በልቧ፤ የሚቀጥለው ወር የሚቀጥለው ዓመት ሆነ። የሚሠራን ነገር መንካትም ያስፈራል። አንድም ጨቅላ በሷ ስሌት ሳይጎዳ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ፤ እሷም ነገሩን ወደ መርሳቱ ቀርባ ነበር።

እንግዲህ መልአኩ የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አዲሱ አለቃ ሠራተኛውን ሰብስበው አንዲት ሠላሳ ያልሞላት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትሰካ ባለሙያ አስተዋወቁ። ልጅቷ አንድ ፕሮግራም ይዛ መጥታለች፤ ፕሮግራም የሚያነብ ፕሮግራም።

«እያንዳንዱን ክፍል ከፍቶ ቃላቱን ይለቅማል» አለች ልጅቷ። «በየቦታው የሚገኘውን ተራ ቃል ይጥላል፤ ያ ክፍል ብቻ የሚያዘወትረውን ያስቀራል። ከቀሩት ውስጥ ከባድ ከባዶቹን ሦስት አራት ቃላት መርጦ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ማንም ሰው ከፍቶ ሳያነብ ክፍሉ ስለምን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ክፍሎቹን በቃላቸው ያስተያያል። እነዚህ ሁለቱ ከመቶ ይህን ያህል ይመሳሰላሉ ይላል።»

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ስንሰማ ኖረን» አለ ተረበኛው ከኋላ፣ «ይኸው መልአኩ ራሱ ሥራ ተቀጥሮ መጣ!»

ሰዉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፕሮግራሙ «መልአኩ»፣ እሷ ደግሞ «የመልአኩ እናት» ሆኑ።

አለቃው እጃቸውን አንሥተው ሳቁን ዝም አሰኙት። «ይህ ፕሮግራም ሃያ ዓመት ሲቆለል ኖሯል። አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያውቅ ደግሞ ይሠራዋል። ለአንድ ማዕድ ሁለት ወጥ ቤት ምን ይሠራል? ከመቶ ዘጠና አምስትና ከዚያ በላይ የተመሳሰሉ ከሆኑ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይጣላል። ወደ ተጣለው ይሄድ የነበረው ጥያቄ ሁሉ ወደ ቀረው ይዞራል። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው።»

ጭምቷ ክው አለች። የተቀመጠችበትን ወንበር ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ሰዉ እስኪወጣ ድረስ አልተነሣችም።

ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥንድ። ክፍሎቹ በቁጥር ብቻ ነው የሚታወቁት፤ ከቁጥሩ ጎን መልአኩ ያወጣላቸው ስም ተጽፏል። ጭምቷ ጣቷን እያስከተለች ወረደች። መቶ አሥራ ስምንተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። «ክብደት፣ ጠብታ፣ አዋቂ፣ ጣሪያ» ይላል ለአንዱ። «ክብደት፣ ጠብታ፣ አዋቂ፣ ጣሪያ» ይላል ለሌላው። ዘጠና ስምንት ከመቶ። ሁለተኛው ይጣላል። ሁለተኛው የሷ ነው፤ የጨቅላዎቹ። መቶ አሥራ ዘጠነኛው ደግሞ የመሞከሪያዎቹ ጥንድ ነበር፤ እሱም ይጣላል። ስሌቱ ቢሳሳት እሪ ብሎ የሚጮኸው እሱ ነበር፤ እሱም አብሮ ሊሄድ ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ በእርሳስ አሰላችው። ዘጠኝ መቶ ግራም የሆነች ጨቅላ። ነርሷ እንደለመደችው ዘጠኝ መቶ ብላ ትጽፋለች። የአዋቂው ክፍል ዘጠኝ መቶውን ኪሎ ነው ብሎ ይወስደዋል። ያሰላል፣ ያሰላል፣ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ይቆማል። የትኛው ጣሪያ? የጎልማሳው። መዳፍ ላይ ለምትያዝ ፍጥረት የአንድ ጎልማሳ ሙሉ መጠን። ነርሷ ታየዋለች እኮ፣ አለች ለራሷ፤ ደግሞ ወዲያው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያልዋሸን ማሽን ማን ይጠራጠራል?

ወረቀቱን ስምንት ቦታ ቀድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቅርጫት ውስጥ መጣል እንኳ ፈራች።

መናገር ነበረባት። ይህን ታውቀዋለች። ግን መናገር ማለት ያንን ፊርማ ማውጣት ማለት ነው። የሐሰት ፊርማ ነው። በመድኃኒት ላይ። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራት ሴት፣ ለሌላው ስትፈርም የኖረች። እናቷስ? ደግሞ ከሁሉ በላይ ያ ክፍል ሙሉ ሳቅ አለ። እንደገና ስሟ ሊጠራ ነው።

ስለዚህ ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ማክሰኞ ሰዉ ለምሳ ሲወጣ ቀረች፤ አሥራ ስምንት ዓመት ያልነካችውን ክፍል ከፈተችው። ብልሃቷ ይህ ነው፦ መልአኩ የሚያየው ቃል ነው፤ ቃሉን ከቀየርኩት የተለየ መሆኑ ይታየዋል። «የአዋቂ ጣሪያ» የሚለውን «የጨቅላ ጣሪያ»፣ «ኪሎ» የሚለውን «ግራም» እያለች አንድ በአንድ ትለውጥ ጀመር። አንድ ፊደል ተሳስታ ስሌቱን ብታበላሸው ራሷ ገዳይ ልትሆን ነው፤ እየለወጠች ትሞክራለች፣ እየሞከረች ትለውጣለች።

በሩ ተከፈተ። ተረበኛው ነው፤ መነጽሩን ረስቶ።

«ጭምት! ምሳ የለም እንዴ? ወይስ መልአኩ ጾም አዘዘብሽ?»

«ራሴን አሞኛል» አለች ማያውን በሰውነቷ እየከለለች።

«ራስሽን ካመመሽ ወደ መስኮት እንጂ ወደ ማሽን ይዞራል?» አለና መነጽሩን አንሥቶ ትንሽ ቆም አለ። ሌላ ነገር ሊናገር የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ «በይ እንግዲህ፣ ድርሻሽን እኔ እበላልሻለሁ» ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ መልአኩ እንደልማዱ የዕለቱን ዙር ሲያነብ ጭምቷ ማያውን እያየች ጠበቀች። የጨቅላው ክፍል አዲስ ስም ወጣለት፤ «ጨቅላ፣ ግራም፣ ጠብታ።» ከአዋቂው ጋር ያለው መመሳሰል አርባ አንድ። ማታ ስትመለስ ከማቆሚያው አጠገብ ብርቱካን ገዛች፤ እናትየዋም በመስኮት አይታ ሻይ ጣደች።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ግድግዳው ሄደች። መቶ አሥራ ስምንት አለ። መቶ አሥራ ዘጠኝም አለ።

የመልአኩ እናት በዚያ ስታልፍ፣ ጭምቷ የሰው ድምፅ በሚመስል ድምፅ ጠየቀቻት። «ልጄ፣ ይሄ ዝርዝር... የትናንቱን ዙር አላየም እንዴ?»

«አላየም፣ እትዬ። ዓርብ ዕለት ነው የተቆለፈው። ከዓርብ ወዲህ ሰው የነካካው ነገር ቢኖርም አይቆጠርም፤ ካልሆነ ሥራው መቼም አያልቅም። ሐሙስ አራት ሰዓት ሲል ራሱ በዝርዝሩ መሠረት ያወጣቸዋል።»

«እና... የሚወጣውን የሚያየው ሰው የለም?»

«ስሞቹን አለቃው አይተው ፈርመዋል። ደግሞ ከወጣ በኋላ መሞከሪያዎቹ ሁሉ እንዲሠሩ ይደረጋል፤ የተበላሸ ካለ እነሱ ይጮኻሉ።» ልጅቷ ቀረብ አለች። «ምነው፣ ያሳሰብዎት ነገር አለ? ከዓርብ ወዲህ ማን ምን እንደነካም ተመዝግቧል፤ ላይልዎት እችላለሁ።»

«የለም፣ የለም። ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ወደ ጠረጴዛዋ እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው። አሁን ጥፋቷ ሁለት ሆነ፦ የድሮው ኩረጃና የማክሰኞው መደበቅ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከነሰዓቱ ስሟ ተጽፎበታል።

ያን ዕለት ከአውቶቡስ ስትወርድ እናትየዋ ሻይ አልጣደችም። በሩን ከፍታ ጠበቀቻት።

«ምንድነው?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ፊት አይደለም የያዝሽው። ሥራ አባረሩሽ?»

«አላባረሩኝም።»

«ታመምሽ?»

«አልታመምኩም፣ እማዬ።»

«እና ምንድነው? ሰው ገደልሽ?»

«ገና ነኝ» አለች ጭምቷ።

ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም። ከታች አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሲሄድ ይሰማል። ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት፤ ሦስቱን ቀን፣ ፊርማውን፣ መልአኩን፣ ዘጠኝ መቶ ግራሙን። እናትየዋ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ነገር የለም፤ ግን ፍሬ ነገሩን አጥርታ ሰማች።

«ያስሩሻል?»

«አላውቅም።»

«ከሥራ ያስወጡሻል?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

«አንቺ ዝም ብትዪ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

ጭምቷ ራሷን ነቀነቀች፤ የለም።

እናትየዋ እጇን ጭኗ ላይ አሻሸች። የፈራችው ለልጇ ነው፤ ለራሷም ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ ብቻዋን መቅረትን ትፈራለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አለች በመጨረሻ፤ «እንዲያው ለማለት ያህል እንዳይመስልሽ።» ቀጠል አድርጋም፣ ድምፅዋ ወርዶ፣ «ሐሙስ ማለት ነገ አይደለም እንዴ?» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ጭምቷ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ደረሰች። አሳንሰሩን መጠበቅ አልቻለችም፤ በደረጃው ወጣች። የአለቃው በር ዝግ ነው። ጸሐፊዋ ቀና ብላ «እንግዶች አሏቸው፣ ከሆስፒታሎቹ የመጡ። ከአራት ሰዓት በኋላ ይምጡ» አለቻት።

«ከአራት ሰዓት በፊት ነው የምፈልጋቸው።»

«ለምን ጉዳይ ልበል?»

ለምን ጉዳይ? ጭምቷ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። «እጠብቃለሁ» አለች።

ጠበቀች። ሦስት ተኩል ሆነ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ሰዓቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ዓይኗን ከሱ ላይ መንቀል አቃታት። አንድ ሐሳብ መጣላት፤ እስከ አራት ሰዓት ባይወጡ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ሞክሬ ነበር እላለሁ። ሐሳቡ እንደመጣላት አፈረችበት፤ ግን ደስም አላት፤ ይህን ነገር ኋላ ስትናገረው ፊቷ ይጠቁር ነበር።

ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል በሩ ተከፈተ። አለቃውና ሁለት እንግዶች እየተሳሳቁ ወጡ፤ ቀጥ ብለው ወደ አዳራሹ አመሩ። ጭምቷ ተከተለቻቸው። «ጌታዬ» አለች፤ አልሰሟትም፤ ድምፅዋ ያን ያህል ቀጭን ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ትልቁ ማያ ላይ ዝርዝሩ ወጥቷል፤ የመልአኩ እናት ከማሽኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ተረበኛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አራት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል።

«አቁሙት።»

ማንም አልዞረም። ወደ ፊት ሄዳ የመልአኩን እናት ትከሻ ያዘች፤ ልትወድቅ ስለነበረም ነው።

«አቁሚው፣ ልጄ። መቶ አሥራ ስምንትን አቁሚው።»

አለቃው ዞሩ። «ምንድነው?»

«አንድ አይደሉም» አለች ጭምቷ። ሰዉ ሁሉ ያያታል፤ ስሟን ባይጠሩትም ያው ነው። «መልአኩ አልተሳሳተም፤ ቃላቸው አንድ ነው። ቃላቸውን አንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው የጨቅላዎቹ ነው። ከአዋቂው ላይ ኮርጄ ነው የሠራሁት፤ ስሙን ሳልለውጥ። ከዚያ ፈርሜያለሁ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ያ ጸጥታ ከሳቁ ይብሳል። የመልአኩ እናት አንድ ቃል ሳትናገር ሥራውን አስቆመችው፤ የአዋቂውን ክፍል ለብቻው ከፍታ ዘጠኝ መቶ ብላ ጻፈች። መልሱ መጣ። ልጅቷ ፀጉሯ ላይ የተሰካውን እርሳስ ነቅላ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈችው፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ወረቀቱን ለአለቃው አቀበለች። አለቃው አይተውት ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ዝርዝሩን ስሙን ብቻ አይተው የፈረሙት እሳቸው ናቸውና።

ከእንግዶቹ አንዷ የጨቅላ ሐኪም ነበረች። «ትናንት የተወለደች አለችን» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ስምንት መቶ ግራም ናት።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም። አለቃው ጭምቷን ቢሯቸው አስገቡና «አሥራ ስምንት ዓመት! ለሌላው ምሳሌ የማደርገው አንቺን እኮ ነበር» አሏት። የማክሰኞውንም ራሷ ነገረቻቸው። የመፈረም ሥልጣኗ ተነሣ፤ ነገሩ ወደ ኮሚቴ ተመራ፤ ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ እንድትገባ ታዘዘች። ውሳኔው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ የነገራት የለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበሯ ትነሣለች።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ጥንዶች በሁለት ሰው ዓይን፣ መስመር በመስመር እንዲነበቡ ተወሰነ። አንዷ የመልአኩ እናት ሆነች። ሁለተኛዋ ጭምቷ፤ ልጅቷ ናት እሷን ስጡኝ ያለችው። «የት የት እንደሚደበቅ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል» አለች ለአለቃው፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ተረበኛው ወንበሩን ጎትቶ መጣ። አልቀለደም።

«አርባ አንደኛው ጥንድ ላይ ደርሳችኋል?»

«ገና ነው» አለች ጭምቷ።

«የኔ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱ ክፍል። እኔም እንዳንቺው... ጊዜ አጥሮኝ።»

ጭምቷ አየችው። «ሐሙስ ዕለት እዚያው ቆመህ አልነበር?»

«ቆሜ ነበር። ማክሰኞም መነጽሬን ልወስድ ስመጣ ምን እንደምትሠሪ ገብቶኛል። ልነግርሽ ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ።» ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አሻሸ። «አንቺ ባትናገሪ ኖሮ እኔ እስካሁን እስቅ ነበር።»

የመልአኩ እናት ቁጥሩን በዝርዝሩ ላይ ከበበችው። «ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጨቅላው ክፍል ተመለሱ። ጭምቷ ማክሰኞ የለወጠቻቸውን ስሞች አንድ በአንድ ከፍ ባለ ድምፅ ታነባለች፤ ልጅቷ ከድሮው ጋር ታመሳክራለች። ሲያልቅ ስምንት መቶ ብላ ልጅቷ ጻፈች። መልሱ ወጣ። ሁለቱም ለየብቻ በእርሳስ ሠሩት፤ ወረቀታቸውን ጎን ለጎን አደረጉ። አንድ ነው፤ ማያው ላይ ካለውም ጋር ልክ ነው።

«ትክክል ነው፣ እትዬ» አለች ልጅቷ። «አለቀ።»

ጭምቷ ቁጥሩን አየችው። ልክ መሆኑን ታያለች፤ ልቧ ግን አልተመለሰላትም። ሌላ ንጹሕ ወረቀት ሳበች።

«እንደገና» አለች። «ስምንት መቶ ብለሽ ጻፊ።»